አርሰናል የወረደበት ብቸኛው ዓመት፦ 1912/13

የሃይበሪ ልጅ፦

ሰላም ለቤቱ። "አርሰናል ወርዶ አያውቅም" የሚል ነገር እዚህ በየሳምንቱ አነባለሁ። ደጋፊ ነኝና ደስ ይለኛል፤ ግን እውነት አይደለም። ወርዷል። አንዴ ብቻ ነው፣ አወራረዱ ግን ለጉድ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። የውድድር ዘመኑ 1912/13 ነው፤ በእኛ 1905 ዓ.ም. አካባቢ መሆኑ ነው። ክለቡ ያኔ ዉልዊች አርሰናል ይባል ነበር። የሚጫወተው በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ፕላምስቴድ ውስጥ፣ ማነር ግራውንድ በሚባል ሜዳ ላይ ነበር። አንደኛ ዲቪዚዮን፣ ያኔ ከፍተኛው ሊግ፣ 20 ክለብ ነበረው፤ ሁለቱ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይወርዳሉ።

ቁጥሩን እንዳለ ላስቀምጥላችሁ። 38 ጨዋታ። 3 ድል፣ 12 አቻ፣ 23 ሽንፈት። 26 ጎል አገባ፣ 74 ተቆጠረበት። በ18 ነጥብ ጭራ ሆኖ ጨረሰ። ከፊቱ የነበረውና አብሮት የወረደው ኖትስ ካውንቲ እንኳን 23 ነጥብ ነበረው።

በጣም የሚያስደንቀው የሜዳው ውጤት ነው። ዓመቱን ሙሉ ደጋፊው ፊት ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። በ19 ጨዋታ 11 ጎል። ቅዳሜ ከሥራ ወጥተህ፣ ሳንቲምህን ከፍለህ፣ ብርድ ላይ ቆመህ፣ ከአንድ ቀን በቀር ድል ሳታይ ትመለሳለህ ማለት ነው።

አሠልጣኙ ጆርጅ ሞረል ነበር። ሰዉ ሁሉ እሱን ይወቅሳል። እኔ ግን አርሰናልን ያወረደው ሜዳው የነበረበት ቦታ ነው ባይ ነኝ። ቦታው ሰው አያመጣም፣ ሰው ከሌለ ገንዘብ የለም፣ ገንዘብ ከሌለ ተጫዋች ይሸጣል። በ1910 ክለቡ ከስሮ ሊዘጋ ደርሶ ነበር፤ የፉልሃሙ ሰው ሄንሪ ኖሪስ ነው ገብቶ ያተረፈው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ወረደ።

ምን ትላላችሁ?

ቀይ ሰይጣን፦

ኧረ ተመስገን! ይሄን ስክሪን ሾት አድርጌ ለአጎቴ ልጅ ላኩለት። ከዛሬ ጀምሮ ስለ "ወርደን አናውቅም" አንድ ቃል ቢተነፍስ ወየሁለት።

ቁጥር ወዳጅ፦

የሃይበሪ ልጅ ይመችህ፣ ቁጥሩን ስላመጣህ። አንድ ነገር ልጨምር። ያኔ ለድል የሚሰጠው 2 ነጥብ ነበር። በዛሬው በ3 ነጥብ ብናሰላው 9 ከድሉ፣ 12 ከአቻው፣ በድምሩ 21 ይሆናል። ያም ቢሆን ያው ጭራ ነው።

ግን "በታሪክ የመጨረሻ ቀሽም ቡድን" የሚል ሰው እንዳይመጣ። ደርቢ ካውንቲ በ2007/08 ያሸነፈው 1 ጨዋታ፣ ያገኘው 11 ነጥብ፣ ያገባው 20 ጎል ነው። ሳውዝሃምፕተን በ2024/25 በ2 ድልና በ12 ነጥብ ወረደ፤ የጎሉ ብዛት ደግሞ ልክ እንደ ዉልዊች 26 ነው። 12 አቻ ማለት ቢያንስ ይታገሉ ነበር ማለት ነው። የጎደለው አጥቂ ነው።

ብሉዝ ከጉለሌ፦

በዚያ ጊዜ ጨዋታው ራሱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ አለ? ከጨዋታ ውጪ ነበር? ቅያሪ ነበር? ዝም ብለን ከዛሬ ጋር ስናወዳድር ፌር አይመስለኝም።

አንጋፋው ተመልካች፦

ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅክ።

ቅያሪ የሚባል ነገር አልነበረም። ተጫዋች ከተጎዳ ወይ እያነከሰ ይጨርሳል፣ ወይ ቡድኑ በ10 ሰው ይቀራል። ከጨዋታ ውጪ ነበረ፣ ግን የዛሬው አይደለም። ኳሱ ሲሰጥህ በአንተና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚ ሊኖር ይገባል። ወደ ሁለት የተቀነሰው በ1925 ነው። ስለዚህ አንድ ተንኮለኛ ተከላካይ ወደፊት ፈቀቅ ካለ አጥቂው ሁሉ ተያዘ። ጎል ማግባት ከዛሬው ይከብድ ነበር፤ ለዚያውም ለደካማ ቡድን።

ሌላም አለ። እስከ 1912 ድረስ በረኛ በራሱ የሜዳ አጋማሽ ውስጥ የትም ቦታ ኳስ በእጁ መንካት ይችል ነበር። በእጅ የመንካት መብቱ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ብቻ የተወሰነው ልክ በዚህ የውድድር ዘመን መግቢያ ላይ ነው። በአሮጌው ሕግ ከተጠቀሙበት ሁሉ የሚታወቀው ዌልሳዊው ሊ ሪችመንድ ሩስ ነው። ኳሷን መሬት ላይ እያነጠረ እስከ መሐል ሜዳ ይመጣ ነበር። በ1911/12 የዉልዊች አርሰናል በረኛ እሱ ነበር። ሕጉም ተቀየረ፣ እሱም ሄደ። በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሶም ላይ ተገደለ።

ብሉዝ ከጉለሌ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። በረኛ እያነጠረ መሐል ሜዳ! የእኛ በረኛ በእግሩ እንኳን ሲወጣ ልቤ ነው የሚቆመው።

የሃይበሪ ልጅ፦

ጋሼ እናመሰግናለን። ቁጥር ወዳጅ "የጎደለው አጥቂ ነው" ያልከው ላይ ልቀጥል፤ ምክንያቱም አጥቂ ነበራቸው። ሸጡት።

በ1906 እና በ1907 ይሄ ክለብ በተከታታይ የኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ነው። ጥሩ ቡድን ነበር። ከዚያ በ1908 ገንዘቡ ሲያልቅ ቤቱን እየነቀሉ መሸጥ ጀመሩ። በረኛው ጂሚ አሽክሮፍት ወደ ብላክበርን፣ ተከላካዩ ጂሚ ሻርፕ ወደ ሬንጀርስ፣ ቲም ኮልማንና በርት ፍሪማን ወደ ኤቨርተን። ፍሪማን ኤቨርተን በገባ በመጀመሪያው ሙሉ ዓመቱ በሊግ 38 ጎል አገባ። አንድ ሰው፣ 38! ዉልዊች በ1912/13 ሁሉም ተደማምሮ 26።

ለወረደበት ዓመት ዋዜማ ደግሞ ካፒቴን ሊሆን የሚገባውን አንዲ ዱካትን ለአስቶን ቪላ በ1,000 ፓውንድ ሸጡት። ለእንግሊዝ በእግር ኳስም በክሪኬትም የተጫወተ ሰው ነው። በ1942 ሎርድስ ሜዳ ላይ ክሪኬት እየተጫወተ ነው የሞተው።

የሚያበግነኝ ግን የቻርሊ ባካን ነገር ነው። ልጁ የፕላምስቴድ ተወላጅ ነው። አባቱ እዚያው ዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ጉርምስናው ላይ ለአርሰናል በአማተርነት ተጫወተ። ከዚያ የ11 ሽልንግ (ከግማሽ ፓውንድ ትንሽ ይበልጣል) ወጪ ሒሳብ አቀረበ፤ ሞረል አልከፍልም አለው። ልጁም ጥሎ ሄደ። መጨረሻው ሰንደርላንድ ሆነ።

የ1912/13 ሻምፒዮን ማን እንደሆነ ገምቱ። ሰንደርላንድ። ባካን የፊት መሥመራቸው ዋነኛ ሰው ሆኖ። ድርብ ዋንጫ ለማንሳት አንድ ጨዋታ ነው የቀራቸው፤ ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ ከ120,000 በላይ ሰው ባየው የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ በአስቶን ቪላ 1 ለ 0 ተሸነፉ። በ11 ሽልንግ የተኮራረፉት ልጅ ዋንጫ ሲያነሳ የሰፈሩ ቡድን ወረደ።

ቁጥር ወዳጅ፦

ኧረ ይሄ ያማል። ባካን በኋላ ተመልሶ የለ እንዴ?

የሃይበሪ ልጅ፦

አዎ፣ በ1925። አዲሱ አሠልጣኝ ሄርበርት ቻፕማን ሥራ እንደጀመረ ነው ያስመጣው። ሰንደርላንድ 2,000 ፓውንድ እና ባካን በመጀመሪያው ዓመት ለሚያገባው ለእያንዳንዱ ጎል 100 ፓውንድ ተቀበለ። በ11 ሽልንግ የሸሸ ሰው!

በወረደበት ዓመት የተጫዋች ደመወዝ ራሱ ጣሪያ ነበረው፤ በሳምንት 4 ፓውንድ፣ ለቆየ ተጫዋች ቢበዛ 5። ሀብታሙም ክለብ ደሀውም ያው ነው የሚከፍለው። ክለቡ ካልለቀቀህ ደግሞ የትም አትሄድም። ተጫዋች ወጥቶ የሄደው ክለቡ ስለሸጠው ነው፤ የተሻለ ደመወዝ ስላባበለው አይደለም።

ዘላለም ቀይ፦

እኔ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ፣ ገብቼ ለመሳቅ ነበር። ግን ማነር ግራውንድ ላይ "ስፒዮን ኮፕ" የሚባል፣ ተመልካች ቆሞ የሚያይበት ትልቅ ተዳፋት በ1904 ተሠርቷል ሲባል ሰምቼ አበድኩ። ኮፕ የእኛ የአንፊልድ መቆሚያ ስም አይደለም እንዴ?

አንጋፋው ተመልካች፦

የእናንተ በ1906 ነው የተሠራው ልጄ። ስሙ በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ከታወቀ ኮረብታ ነው የተወሰደው። ፕላምስቴድ ደግሞ የጦር መሣሪያ ሠራተኛና የወታደር ሰፈር ነው፤ ስሙ እዚያ ቢቀድም አይግረምህ። ታዋቂ ያደረጋችሁት ግን እናንተ ናችሁ፣ እሱን ማንም አይቀማችሁም።

ያው ጦርነት ለክለቡ መልካምም ክፉም ነበር። ውጊያው ሲጧጧፍ ፋብሪካው ቅዳሜንም ስለሚያሠራ ሰው ሜዳ መምጣት አይችልም። ሲያበቃ ደግሞ ፋብሪካው ሠራተኛ ቀነሰ፤ አሁን ጊዜ አለ፣ የመግቢያ ሳንቲም የለም።

ሰላም ዘለንደን፦

ሰላም ሁላችሁም። የምኖረው ደቡብ ምሥራቅ ለንደን ነው፣ ሥራዬም ዉልዊች አጠገብ ነው። የሃይበሪ ልጅ፣ ቦታውን በተመለከተ ያልከው ትክክል ነው።

ዛሬ ዉልዊች በኤልዛቤት ላይን ባቡር ከመሐል ከተማ ቅርብ ሆኗል። እሱም የተከፈተው በ2022 ነው! ከዚያ በፊት "ዉልዊች ነው የምኖረው" ስትል ሰው "ውይ፣ ሩቅ" ነበር የሚልህ። ፕላምስቴድ ከዉልዊችም ያልፋል። በ1912 በዝግተኛ ባቡርና በትራም አስቡት። እንግዳ ቡድኖችም ጋዜጠኞችም ጉዞውን ይጠሉት ነበር ይባላል፤ አልፈርድባቸውም።

ፋብሪካው የነበረበት ግቢ ዛሬ የሚያማምሩ አፓርታማዎች ሆኗል። በ1886 ቡድኑን የመሠረቱት ሠራተኞች የነበሩበት የዳያል ስኩዌር መግቢያ አሁንም ቆሟል፤ ከበሩ በላይ የፀሐይ ሰዓት አለው። ማነር ግራውንድ ግን የለም። መጋዘንና ወርክሾፕ ነው። ሜዳው በአንድ በኩል ትልቁ የለንደን የፍሳሽ ቱቦ ነበር የሚያዋስነው፤ ቱቦው ላይ የተደለደለው አፈር ላይ ወጥተው በነጻ የሚያዩ ነበሩ። እኔማ ሽታውን አስቤ ነው የምስቀው።

ቀይ ሰይጣን፦

ፍሳሽ ላይ ቆሞ አርሰናልን ማየት። አንዳንድ ነገር አይቀየርም።

(ፉገራ ነው፣ አትቆጡ።)

አወያይ፦

ቀይ ሰይጣን፣ ለአንድ ውይይት አንድ ቀልድ ይበቃል። ወደ ነገሩ።

ጠርጣሪው፦

እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ኖሪስ ክለቡ እንዲወርድ ፈልጎ ይሆን? ሰውዬው የቤት ግንባታ ነጋዴ ነው፣ የፉልሃም ከንቲባ ነበር። በ1910 ክለቡን እንደያዘ መጀመሪያ ያሰበው ከፉልሃም ጋር መቀላቀል ነው። ሊጉ አሻፈረኝ አለ። ሜዳ እንጋራም አለ፣ እሱንም ከለከሉት። እና ፕላምስቴድ አይሠራም ብሎ ካመነ፣ ዱካትን ሸጦ፣ ቡድኑ ወርዶ፣ "አያችሁ፣ እዚህ መኖር አንችልም" ቢል ይመቸዋል። ኤፕሪል 26 ቀን 1913 ከሚድልስብሮ ጋር 1 ለ 1 ወጥተው ማነር ግራውንድን ተሰናበቱ። ሴፕቴምበር 6 ሰሜን ለንደን፣ አዲሱ ሜዳቸው ሃይበሪ ላይ ናቸው። በአራት ወር ስታዲየም! ቀድሞ የታሰበ አይመስላችሁም?

የሃይበሪ ልጅ፦

ጠርጣሪው፣ ዝውውሩ ቀድሞ የታሰበ ነው፣ እስማማለሁ። ቦታ ሲፈልግ ነው የከረመው። መውረዱ ግን ታስቦበት የተደረገ ነው የሚለውን አልቀበልም። አንድ ነጋዴ አዲስ ስታዲየም ሊሠራ ብዙ ገንዘብ ሊያፈስ ሲል ሁለተኛ ዲቪዚዮን መጫወት ይፈልጋል? ትልልቆቹ ቡድኖች ሲመጡ ነው ቲኬት የሚሸጠው። ሃይበሪ የተከፈተው በሌስተር ፎስ ጨዋታ ነው፤ በሰንደርላንድ ቢከፈት አይሻለውም?

ውሉንም እዩት። ቦታው የቅዱስ ዮሐንስ የሚባል የሃይማኖት ኮሌጅ መጫወቻ ሜዳ ነበር። ለ21 ዓመት ኪራይ 20,000 ፓውንድ። በገናና በስቅለት ቀን እንዳይጫወቱ፣ መጠጥም እንዳይሸጡ ተስማሙ። ሰነዱ ላይ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ፊርማ አለበት። ሰውዬው ለምን ይሄን ሁሉ ተቀበለ? ጊለስፒ ሮድ የሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ አጠገቡ ስለነበረ ነው። ኖሪስ ሣሩን ሳይሆን ባቡሩን ነው የተከራየው። ዛሬ ጣቢያው አርሰናል ነው የሚባለው፤ ስሙ በ1932 ተቀየረ።

የኢዝሊንግተን ነዋሪ ተቃወመ። ቶተንሃምና ክላፕተን ኦሪየንት ጮኹ፤ "ሰፈራችን ገብቶ ተመልካቻችንን ሊወስድ ነው" ብለው። ሊጉ ግን ክለብ ሜዳውን እንዳይቀይር የምከለክልበት ሥልጣን የለኝም አለ። የአርሰናልና የቶተንሃም ጠብ የጀመረው ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ግንባታው አላለቀም ነበር። 2 ለ 1 አሸነፉ። ለአርሰናል በሃይበሪ የመጀመሪያውን ጎል በጭንቅላቱ ያገባው ጆርጅ ጆቢ ነው። ከዚያ ተጎዳና በወተት ሻጭ ጋሪ ጭነው ወሰዱት። ማከሚያ ክፍሉ ገና አልተሠራም!

ጠርጣሪው፦

ስለ ትኬቱ ያልከው ያሳምናል። ግን ዱካትን የሸጠበትን ምክንያት አሁንም አልወደድኩትም። ገንዘቡ ወደ አጥቂ መግዣ አልሄደም። ሆን ብሎ አላወረደውም ልበል፣ ግን ቡድኑን ለማዳን ብዙም አልለፋም።

የሃይበሪ ልጅ፦

እሱ ላይ ተስማማን።

ስፐርስ ብቻዬን፦

እዚህ መድረክ ላይ የቶተንሃም ደጋፊ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እና ስለ 1919 ማንም አያነሳም እንዴ? አርሰናል በ1913 ወረደ። በ1914/15 ሁለተኛ ዲቪዚዮን 5ኛ ወጣ። አምስተኛ! ከጦርነቱ በኋላ ሊጉ አንደኛ ዲቪዚዮንን ከ20 ወደ 22 ሲያሰፋ ዘለለና ገባ። እኛ ወረድን። ከዚያ ወዲህ "መቶ ዓመት አልወረድንም" ይላሉ። ሜዳ ላይ የወጡ መስሏችሁ ነው?

አንጋፋው ተመልካች፦

ልጄ፣ ብሶትህ ልክ ነው። ቼልሲ 19ኛ፣ ቶተንሃም 20ኛ ነበሩ። ቼልሲ እንዲቆይ ተደረገ፤ ለቀረው አንድ ቦታ ክለቦች ድምፅ ሰጡ። አርሰናል 18፣ ቶተንሃም 8፣ ባርንስሊ 5። ባርንስሊ ሁለተኛ ዲቪዚዮን 3ኛ የወጣ ቡድን መሆኑን አትርሳ፤ የእሱ ብሶት ከአንተም ይበልጣል።

የሊጉ ፕሬዚዳንት ጆን ማኬና አርሰናል ከቶተንሃም 15 ዓመት ቀድሞ ሊግ ውስጥ አለ አሉ። እውነት ነው፤ አርሰናል በ1893፣ ቶተንሃም በ1908 ነው የገቡት። ግን በዕድሜ ከሆነ ዉልቭስም ተወዳድሯል፣ እሱ ደግሞ በ1888 ከመሥራቾቹ አንዱ ነው፤ 4 ድምፅ ነው ያገኘው። ኖሪስ ያኔ ሰር ኖሪስ ነው፣ የፓርላማ አባልም ሆኗል። ገንዘብ ሰጠ የሚል ሐሜት ዛሬም አለ፣ ማስረጃ ግን አልቀረበም። ሰው እያነጋገረ፣ ወዳጅ እያበዛ ነው ያሸነፈው።

ስፐርስ ብቻዬን፦

ጋሼ እርስዎ ብቻ ነዎት ፍትሐዊ። በቀቀናችንም በዚያው ሰሞን ሞተ ይባላል፤ ከደቡብ አሜሪካ ጉዞ በስጦታ ያመጡት። በሐዘን ነው የሞተው።

ብሉዝ ከጉለሌ፦

ቆይ ቆይ። እኛ ቼልሲዎች 19ኛ የሆንነው ለምንድነው? 18ኛ ማን ነበር?

ቁጥር ወዳጅ፦

ማንቸስተር ዩናይትድ፣ የቀይ ሰይጣን ቡድን። በ1 ነጥብ ነው የበለጣችሁ። በ1915 የስቅለት ዕለት ሊቨርፑልን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ጨዋታው በተጫዋቾች ስምምነት የተሸጠ ነበር፤ ውርርድ ተጫውተውበታል። ከሁለቱም ክለብ በድምሩ 7 ተጫዋች ታገደ። ነጥቡ ግን አልተነሳም። ቼልሲን ያቆዩት አንዱ ለዚህ ነው።

ዘላለም ቀይ፦

ሹልክ ብዬ ልወጣ።

የሃይበሪ ልጅ፦

ቀይ ሰይጣን፣ ይሄንንም ስክሪን ሾት አድርገህ ለአጎትህ ልጅ ላክለት።

ቀይ ሰይጣን፦

ኔትወርክ የለኝም።

ጠርጣሪው፦

እሺ አንድ የመጨረሻ ነገር። ከወረደ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1913/14፣ ለምን አልተመለሰም? አዲስ ስታዲየም፣ አዲስ ሕዝብ፣ ከስሙ ላይ እንኳን ዉልዊች የሚለውን በ1914 አወጡት።

ቁጥር ወዳጅ፦

ለጥቂት ነው የቀረው። ኖትስ ካውንቲ አንደኛ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ብራድፎርድ ፓርክ አቬኑ እና አርሰናል እኩል 49 ነጥብ። ያኔ የሚለየው በግብ ልዩነት ሳይሆን ያገባኸውን ለገባብህ በማካፈል ነው። ብራድፎርድ 71 አግብቶ 47 ገባበት፣ 1.51። አርሰናል 54 አግብቶ 38፣ 1.42። በዚያች ቀሩ።

ጠርጣሪው፦

በዛሬው በግብ ልዩነት ቢሆንስ?

ቁጥር ወዳጅ፦

ብራድፎርድ 24፣ አርሰናል 16። አሁንም ብራድፎርድ ነው የሚያልፈው። 54 ጎል ለማለፍ አይበቃም። አጥቂ ግዙ ብያለሁ።